ዳር ዳሩ የሚጨልመው ስክሪን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሥራውስ፣ ኑሮውስ እንዴት ይዞሃል? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ ጥርስህን ነክሰህ ደብቀኸን ነው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህስ? የፊት ጥርሷ መውለቁን በስልክ ያሳየችኝ ትዝ ብሎኝ ሥራ ቦታ ብቻዬን ስስቅ አሠሪዬ ይህች ሴት ለየላት ብሎ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? ሁላችሁንም ክፉ አይንካችሁ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ደህና ናት። እኔም የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ እየዋልኩ አለሁ። አባባ ግን ደህና አይደሉም፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ስክሪኑ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያውም፣ ሁለተኛውም፣ አሁን ጠረጴዛው ላይ የተገተረው ሦስተኛውም ምንም እንከን አልነበረባቸውም። የታመመው የአባባ ዓይን ነው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የዓይን ውስጥ ግፊት ከልክ ሲያልፍ እይታን ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየበላ ይመጣል፤ መሃሉ ደህና ስለሚቆይ ሰውየው ብዙው እስኪያልቅ ድረስ አያውቀውም። ቀኝ ዓይናቸው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ግራው በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው መሃል መሃሉን ብቻ ነው የሚያየው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ በማድረግ፣ እሱ ካልበቃም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። አባባ ጠብታውን እምቢ ብለዋል። እምቢ ያሉበት ምክንያት ደግሞ አንተ ነህ።

አትደንግጥ፣ ክፉ ሠርተሃል ማለቴ አይደለም። አንተ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነህ፤ ስለ ስክሪን ያልከው ነገር ለእሳቸው የመጨረሻ ቃል ነው። አንተ ችግሩ የስክሪኑ ነው ብለሃል፣ ሐኪሙ የዓይንዎ ነው ብሏል፣ እሳቸው አንተን መረጡ። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው፤ ሲጠራ ከሁላችን ቀድመው የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ የድምፅ መልእክትህንም ጎረቤት እስኪሰማ ከፍተው ነው የሚያዳምጡት። ለረዳት አብራሪዬ፣ ለአንተ ማለታቸው ነው፣ ትንፍሽ እንዳትዪ ብለውኛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት የባለቤትህ እህት ወደ እናንተ ስትመለስ በእጇ እንድታደርስልህ እሰጣታለሁ። ረጋ ብለህ፣ ተቀምጠህ አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፣ አለዚያ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ትላለህ። አንተም የእሳቸው ልጅ ነህና።

ቤት ተቀምጠው በስክሪን አውሮፕላን እንዲያበሩ የላክሃቸው መሪው፣ ፔዳሉና ኮምፒውተሩ የደረሱ ቀን አባባን ብታያቸው ጥሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ፖስታና ዕቃ በትንሽ አውሮፕላን ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው፣ ጡረታ ወጥተው ቤት ከዋሉ ወዲህ ሥራቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የነፋሱን አቅጣጫ ለእማዬ መንገር ብቻ ነበር። እሷን እንኳ ልብስ ስታሰጣ ይጠቅማታል። ካርቶኑን ሲከፍቱ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። የድሮ ክፍልህን ለቀቅንላቸው፣ አልጋህን አወጣን፣ ጠረጴዛውን አዞርን፣ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ግራው የካፒቴኑ፣ ቀኙ የረዳት አብራሪው ነው። ለካፒቴኑ ወንበር ከሥራ ቦታ በተረፈ ቆዳ ጥሩ ልብስ ሰፋሁለት፤ ሰፍቼ ስጨርስ ግን አንዴ እንኳ አልተቀመጥኩበትም። የካፒቴን ወንበር ላይ የሚቀመጠው ካፒቴን ብቻ ነው። ራት ላይስ ቢሆን የእሳቸው ወንበር ላይ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን? እማዬ ስትጠርግ እንኳ ወንበሩን ሳትነካ መጥረጊያውን በዙሪያው ታዞራለች፣ ጋቢናውን ባበላሽ ማን ያስችለኛል እያለች። እኔ የምቀመጠው ቀኙ ላይ ነው። አንተ በሌለህበት ረዳት እሆናለሁ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ያው እንደ ልጅነታችን የአውሮፕላን ጨዋታ አስተናጋጅ አድርገው አስቀሩኝ። ሥራዬ ሻይ ማቅረብና ሲያርፉ ማጨብጨብ ሆነ።

ከዚያ ስክሪን ይመረጥ ተባለ። አንተ ሚስት ስትመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን እናገናኘው ብል አንተም አባባም በአንድ አፍ አይሆንም አላችሁ። ሞክረን አይተነዋል፤ መሪውን ሳብ ሲያደርጉ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል። እኔ መዘግየቱን አላየሁትም። እሳቸው ግን አውሮፕላኑ ከእጄ ኋላ ይመጣል፣ እንዲህ ያለውን ማብረር በቅሎን በጭራዋ መምራት ነው ብለው ተነሱ። ዓይን ላይ እንደ መነጽር የሚታሰረውን ስክሪን አንተ አነሳህ፤ እጄን ካላየሁ ምኑን በረርኩት አሉ። ሦስት ትንንሽ ስክሪን መደርደሩ ልባቸውን ነክቶት ነበር፣ በመሃላቸው ያለው ጠርዝ የአውሮፕላኑን የመስኮት ቋሚ ይመስላል ብለው፤ ኮምፒውተሩ ሦስቱን አይችልም አልክ። በመጨረሻ አንድ ጥሩ ስክሪን ይበቃል፣ መሃሉ ከዓይናቸው ትክክል ይሁን፣ ርቀቱ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ይሁን ተባለ። ይህን ሁሉ ያልከው አንተ ነህ፣ ሁሉም ልክ ነበር።

ባለሱቁን በስሙ አላውቀውም። እኔ «ዋስትና አለው» ብዬዋለሁ፣ ምክንያቱም ምንም ብትጠይቀው መልሱ እሱ ነው። ምስሉ አይንቀጠቀጥም ወይ ብትለው ዋስትና አለው፣ ሽንት ቤት የት ነው ብትለውም ዋስትና አለው ከማለት አይመለስም። የመጀመሪያውን ከእሱ ገዛን። አባባ ሱቁ ውስጥ ራቅ ብለው ቆመው አዩት፣ ጥሩ ነው አሉ። ቤት ገብተው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ግን ዳር ዳሩ ይጨልማል አሉ። እኔም ከቀኙ ወንበር ሆኜ ሳየው እውነትም ቀለሙ ጠቁሮ፣ ሰማዩ አመድ መስሎ ታየኝ። ከዚያው ከተቀመጥኩበት ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ። ወዲያው መለስክልኝ፤ ይህ ዓይነቱ ከጎን ሲያዩት ይጠቁራል፣ ከጎን የማይጠቁረውን ይቀይሩላችሁ አልክ። እኔ ከጎን ሆኜ እንዳነሳሁት አልነገርኩህም፣ አንተም ከየት ሆነሽ አነሳሽው አላልከኝም። እሳቸው ደግሞ ከጎን አልነበሩም፣ ፊት ለፊቱ ነበሩ። የሦስታችንን ብልጠት ታየዋለህ? ማንም ደፍሮ ከእሳቸው ወንበር ላይ ሆኖ ያየ የለም።

ሁለተኛው ስክሪን ከየትም ብታየው ቀለሙ አይለወጥም። እሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ፤ አባባ አሁንም ዳሩ አሉ። መጋረጃውን ዘግተን ስናየው በታችኛው ማዕዘን ትንሽ ብርሃን ሲያፈስ አገኘሁት፣ አንስቼ ላክሁልህ፣ አንተም ያ ነው፣ መልሱት አልክ። መፍካትና መጨለም አንድ እንዳልሆኑ እንኳ አላሰብንም። እንከን የሚፈልግ ሰው እንከን አያጣም። ሦስተኛው ያ እንደ ቀስት የጎበጠው ሰፊው ነው፤ ጫፎቹ ወደ ተቀማጩ ስለሚታጠፉ ዳሩ ለዓይን ይቀርብላቸዋል አልክ። «ዋስትና አለው» እንደገና ስንመጣ ሲያየን ፊቱ ወየበ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ስለ ዋስትና ሳይናገር ቀረ። ታክሲ ውስጥ እኔና አባባ በጉልበታችን ላይ አጋድመነው መጣን። እሳቸው መንገዱን ሁሉ ያቺ የመጀመሪያዋ አውሮፕላናቸው መስኮቷ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ሲያጫውቱኝ ነበር።

በዚህ መሃል ሌላም ሌላም ነገር ደርሷል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ስለነበረው አላያያዝነውም። መንገድ ሲሻገሩ ብስክሌት ከጎን መጥቶ መታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ ባለብስክሌቱ ደወል አልደወለም አሉ። የጓዳው በር ትከሻቸውን ደጋግሞ መታቸው፤ እናትሽ ገርበብ አድርጋ እየተወችው ነው አሉ። በቀኝ በኩል ያስቀመጥኩላቸውን ሻይ በክርናቸው ደፉት፤ ሻይ የት እንደሚቀመጥ የማታውቅ አስተናጋጅ ተባልኩ። እኔም አጉረምርሜ ወለሉን ወለወልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ባለብስክሌቱን ሰደብን፣ በሩን አስጠገንን፣ ስክሪኑን ቀየርን።

ያን እሑድ ታስታውሰዋለህ፣ አንተ ከዚያ፣ እሳቸው ከዚህ ሆናችሁ በአንድ ሰማይ ላይ የበረራችሁበትን። ከወራት በፊት መሆን የነበረበት ነው፤ አንተ ስክሪኑ ሳይስተካከል ደስ አይልም እያልክ ስታቆየው ከርመሃል። አባባ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ለብሰው ነበር። አንተ ፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ቀጥ ብላችሁ ስትበሩ ደህና ነበራችሁ። ለማረፍ ስትዞሩ ግን ማኮብኮቢያው ወደ ስክሪኑ ግራ ጫፍ ሄደ። ጫፉን ሲያዩ አንተን አጡህ፣ አንተን ሲፈልጉ መሬቱን አጡት፣ መጥተው ላይህ ላይ ወደቁ። አንተ በሳቅ ፈረስክ። ካፒቴን ዛሬ ምን ቀምሰው ነው የመጡት፣ ፈቃድዎንስ ማን ሰጠዎት አልካቸው። እሳቸውም አብረውህ ሳቁ። እኔ ግን ከቀኙ ወንበር ሆኜ አየኋቸው፣ እየሳቁም መሪውን አልለቀቁም ነበር። ከዚያ ዳሩ አሁንም ጨልሞብኛል አሉህ፣ አንተም ሳቅህን ሳትጨርስ እሱስ የስክሪኑ ጣጣ ነው፣ የተሻለ እፈልግልዎታለሁ አልክ። እንዴት ደስ እንዳላቸው አልነግርህም። አውቀህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አንጀቴን በልቶታልና ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አባባ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲወጡ ስክሪኑን ላጸዳ ጨርቅ ይዤ ገባሁ። ያ ጎባጣ ሰፊ በመሆኑ ከጎን ሆነህ አትደርስበትም። ቤቱን ግራ ቀኝ አየሁና የካፒቴኑ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ማሽኑን አላጠፉትም፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሟል። ሰማዩን አየሁት። በግራ ጫፍ የነፋሱን አቅጣጫ የምታሳየውን ከረጢት አየኋት፣ በቀኝ ጫፍ የነዳጁን መርፌ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁልጭ ያለ ነው፣ የጨለመ ነገር የለም። ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ጎሽ፣ ዛሬ ተስተካክሏል ማለት ነው የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን ወንድሜ፣ የሚጨልመው ስክሪኑ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሲመለሱ እንደ ወትሮው ሻያቸውን አቀረብኩ። ተቀመጡ፣ ማኮብኮቢያውን ፊት ለፊታቸው አድርገው ሞተሩን አስነሱ። እኔ ከሥራ ያመጣሁትን ደማቅ ቀይ የቆዳ ቁራጭ ይዤ በቀኛቸው ቆምኩ፣ ከጆሮአቸው አጠገብ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ፊት አመጣሁት። ጉንጫቸውን አለፈ፣ ዝም አሉ። አፍንጫቸው አጠገብ ደረሰ፣ ዝም አሉ። ማኮብኮቢያውን ሲሸፍንባቸው ነው ይህ ምንድን ነው ያሉኝ። አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው አልኳቸው። ወጥቼ ጓዳ ገባሁና አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስኩ። እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ ነገርኳት፤ ለካ በሩን ገርበብ አድርጌ አልተውኩትም አለች።

ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው የንባብ መነጽርዎን እናስቀይር ብዬ ነው። አገጫቸውን አስደግፈው ወደ አንድ ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ነገር እንዲያዩ አደረጓቸው፤ በውስጡ እዚህም እዚያም ትንሽ መብራት ብልጭ ይላል፣ ባዩ ቁጥር በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ ይጫናሉ። ካፒቴን አይደሉ፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የቁልፉን ድምፅ እሰማለሁ። ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝም፣ ከዚያ ቀጭ። በየዝምታው መሃል ያላዩት መብራት እንዳለ ገባኝ። ሲጨርሱ ተነስተው ለሐኪሙ ይህ መሣሪያችሁ የዳሩ አምፖሎች ተቃጥለውበታል፣ ዋስትና ካለው አስቀይሩት አሉት። ሐኪሙ አልሳቀም። አስቀምጦ ሁሉንም በግልጽ ነገራቸው። ጠብታውን ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ግፊቱ ካልወረደ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን፣ እንዲሁ ከተተወ ግን የቀረችውም ቀዳዳ ትዘጋለች አላቸው። መቼ ብዬ ጠየቅሁት። ቀን ቆርጬ አልነግርሽም፣ ግን ብዙ አትቆይም አለኝ።

ቤት ስንገባ ራሳቸው ያስተማሩንን አነሳሁባቸው። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ሰውነቱ ይዋሸዋል፣ እየወደቀ የወጣ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ስሜትህን ተወውና መሣሪያውን እመን ይሉን የለ? አሁን ታዲያ መሣሪያው ተናግሯል፣ ለምን አያምኑም አልኳቸው። መልሳቸውን ስማ። መሣሪያም ይበላሻል፣ ለዚህ ነው ሁለት ሁለት የሚደረገው፤ አንዱ ሐኪሙ ነው፣ ሁለተኛው ረዳቴ ነው፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀውን አምናለሁ አሉ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት አድርገህ ትከራከራለህ? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

በማግስቱ ደግሞ ያ የድምፅ መልእክትህ መጣ። ጥቁሩ የእውነት ጥቁር፣ ነጩ የእውነት ነጭ የሆነ አዲስ ዓይነት ስክሪን ወጥቷል፣ በእሱ ላይ ዳሩ ወለል ብሎ ይታይዎታል፣ ትንሽ ይታገሱኝ አልካቸው። ለእማዬ አሰሟት፣ ለእኔ አሰሙኝ፣ ከዚያ ብቻቸውን ደግመው ሰሙት። የጠብታውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ ረዳቴ ይታገሱኝ ብሏል አሉ። ከዚያ ወዲህ ስንለምናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እማዬ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው በቀስታ ጠብ ልታደርግላቸው ሞክራለች፤ ነቅተው እጇን ያዙና እኔን እንደ በሽተኛ ከምታዪኝ ብሞት ይሻለኛል አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ጠርሙሱን መንካት ፈርታለች።

አሁን የሚውሉት እዚያው ክፍል ነው። ይነሳሉ፣ ቀጥ ብለው ይበራሉ፣ መዞር የለም፣ ማረፍ የለም። ነዳጁ እስኪያልቅ ቀጥ ብለው ሄደው ማሽኑን ያጠፉታል። ለምን አያርፉም ብላቸው አዲሱ ስክሪን ሲመጣ አርፋለሁ አሉኝ። ሻይ ይዤ ስገባ የማውቀው ሰው ነው የተቀመጠው፣ ያው ጀርባ፣ ያው ትከሻ፣ እኔ ግን ከጎናቸው ብቆም እንደሌለሁ ነኝ። ትናንት ቆሜ አየኋቸው። ብቻዬን ነኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አንስተው ወደ ጎን ሲወስዱት፣ ሲጠፋባቸው፣ ሲመልሱት አየሁ። ደጋግመው አደረጉት። ያውቃሉ ወንድሜ፣ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖባቸው ነው፣ ካንተ ቃል በቀር የሚደበቁበት ስለሌላቸው ነው።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስለ ስክሪን አንድም ቃል አትናገራቸው፣ አዲሱንም አትላክ፣ ገዝተኸውም ከሆነ እዚያው ይቅር። ደውልና ስክሪኑ ደህና ነው፣ የታመመው ዓይንዎ ነው፣ ጠብታውን ያድርጉ በላቸው። አንተው በአፍህ። ዙሪያውን እንዳትዞር፣ ይቅርታ እንዳትል፣ እንዳታለቅስባቸው። ሊቆጡህ ይችላሉ፣ ስልኩን ሊዘጉብህ ይችላሉ፣ መልሰህ ደውል። መጥተህ ፊት ለፊት ብትነግራቸው የተሻለ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትህ ስላላለቀ ከወጣህ እንደማትመለስ አውቃለሁና ና አልልህም። ብልህም መምጣት አትችልም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። አንተ ብትነግራቸውም የሚሰሙ አይመስለኝም፤ አንተም ተታልለሃል፣ ሐኪሙ አግኝቶህ ነው ይሉ ይሆናል። ቢሰሙና ቢጀምሩም የሚተርፈው ያቺ ቀዳዳ ናት። ሥራ ላይ ተቀምጬ ስፌቴን ስሰፋ ድንገት አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እጄንም በሌላኛው ዙሪያ እንደ ቧንቧ አድርጌ አያለሁ፣ መርፌዋ ብቻ ትታየኛለች። ክሩ ከየት እንደመጣ አይታይም። አሠሪዬ ምን ትጫወቻለሽ ይለኛል። ስፌቴን እቀጥላለሁ። ለእማዬ አይዞሽ እላታለሁ፣ እሷም ለእኔ አይዞሽ ትለኛለች፣ ሁለታችንም ውሸታችንን እንደሆነ እንተዋወቃለን። ይህን ሸክም ለአንተ መላኬ ከፍቶኛል፣ ግን ከዚህ በላይ ብቻዬን አልችለውም።

በል እንግዲህ፣ ወረቀቱም እያለቀ ነው። ለባለቤትህ በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ እህቷ እዚህ ሳለች እንደ ልጅ አጫውታናለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በላት። የልጅህን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ፣ አክስትሽ አቅፈሽው የምትተኚውን አሻንጉሊት ትሰፋልሻለች በላት። እማዬ እጅ ትነሳሃለች፤ ልብስህን ደርበህ ልበስ፣ ራትህን ሳትበላ አትተኛ፣ ስለ እኔ ደግሞ አታስብ ብላለች። የምጽፍልህን ታውቃለች፣ ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው፣ አንድም ቃል አላስወጣችኝም፣ አላስገባችኝም።

አባባም ሰላም ብለውሃል። አሁን ብቅ ብለው ለማን ነው የምትጽፊው ሲሉኝ ለረዳትዎ፣ ስለ ስክሪን ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አሰቡና፣ ይህኛው አሁንስ በጣም ጠበበኝ፣ ከዚህ የሚሰፋ ካለ ቶሎ ይፈልግልኝ ብለሽ ጨምሪበት አሉኝ። ይኸው ጨምሬበታለሁ።

የምትወድህ እህትህ

ከቤታችን፣ ከጓዳው ጠረጴዛ ላይ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን